ፊታውራሪ ገድሌ የከሱ ጊዜ

ዳኝነቱም ግብሩም በአንድ ጌታ ደጅ በሚያልቅበት በድሮው ዘመን፣ ፊታውራሪ ገድሌ የሚባሉ ባለ ርስት ነበሩ አሉ። ውፍረታቸው እያደር ባሰና አንድ እሑድ በቅሏቸው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ተኝታ አልነሣም አለች። በቅሎዋ ጥቁር ነበረች የሚሉ አሉ፤ ዳለቻ ነበረች የሚለው ግን ይበዛል። ሰው ሁሉ ሳቁን ውጦ መሬት መሬት ሲያይ፣ የቤታቸው ቀልደኛ አያ ቢተው ብቻ ጠጋ ብሎ በቅሎዋን አማለደ፦

«ጌታዬ፣ አይቆጧት። እኛም ተሸክመንዎታል፤ መተኛቱን ፈርተን ነው እንጂ።»

ፊታውራሪ ያን ሌሊት አልተኙም። በማግስቱ መድኃኒት ዐዋቂውን መሪጌታ ልሳኑን አስጠርተው የሚያከሳ ነገር ጠየቁ። መሪጌታም አንድ መራራ ሥር ወቅጠው ሰጡና፣ ማዕድ ላይ ከጥቂት ጉርሻ በላይ እንዳይቀምሱ አዘዙ።

ችግሩ የቤቱ ደንብ ነው። ጌታው እጃቸውን ከታጠቡ ማዕዱ ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ እንጀራ የሚነካ እንደ ባለጌ ይቆጠራል። አሽከሩ ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲያላምጥ ፊታውራሪ ውኃ ይጠራሉ። ይባስ ብሎ፣ እኔ ካልበላሁ ለማን ይፈጫል ብለው ጎተራውን ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። አያ ቢተው ሚስቱንና ልጆቹን የሚያሳድረው ከዚያ ማዕድ ትራፊ በጨርቅ ቋጥሮ እየወሰደ ነበር። አሁን ጨርቁን ባዶውን አጥፎ ይዞ ይመለሳል። ወሩ ደግሞ ሐምሌ ነው፤ ከጎረቤት እንኳ የሚበደር እህል የለም።

ጥቂት ሰንብተው ፊታውራሪ አያ ቢተውን ጠሩና መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን አይቶ እንዲነግራቸው አዘዙት። እሱም የሚወርድ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ፦

«ኧረ ሠርቷል ጌታዬ። የሚጠጡት እርስዎ፣ የምንከሳው እኛ።»

የኋላ ኋላ ግን ፊታውራሪም መክሳት ጀመሩ፤ ከሥጋቸውም ጋር ትዕግሥታቸው ሄደ። አንድ ቀን በችሎት ላይ ሁለት ጎረቤታሞች ቀረቡ። የአንደኛው ፍየል የሌላውን ገብስ በልታለች። ፊታውራሪ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሳይሰሙ ሁለቱም ይገረፉ አሉ፤ ፍየል የለቀቀውም፣ ገብሱ የተበላበትም። ሆዳቸው ሲጮህ እስከ ዳር ይሰማል። አያ ቢተው ነጠላውን አደግድጎ እንደ ጠበቃ ቆመ፦

«ጌታዬ፣ ይግባኝ አለን። ለወጥ ቤቷ ይመራልን።»

ፊታውራሪ ሳቃቸው አመለጣቸውና ግርፋቱ ቀረ። ጎተራው ግን እንደተቆለፈ ነው።

መሪጌታ በበኩላቸው፣ ለመድኃኒቱ ማርከሻ ነው እያሉ ከፊታውራሪ በረት ሙክት ማስነዳት ለምደው ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ፊታውራሪ ልብሳቸው ሲሰፋባቸው፣ ያ ሁሉ ስብ ከሰውነቴ ወጥቶ የት ገባ ብለው በብርቱ ተጨነቁ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው መልሱን ሊጀምሩ ሲሉ አያ ቢተው ቀደማቸው፦

«አይሥጉ ጌታዬ፣ የትም አልጠፋም። መሪጌታ ለብሰውታል።»

መሪጌታ ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፉ ዓይን ያዩት ጀመር።

በመጨረሻ ፊታውራሪ ፍርሃት ገባቸው። ክሳቱ የጎን ጣጣ ይኖረው እንደሆነ ሊጠይቁ መሪጌታን አስጠርተው ሰዉ ሁሉ ባለበት አስቀመጡ። መሪጌታ ምን ይሰማዎታል አሉ። ፊታውራሪ ድክመታቸውን በሰው ፊት መናገር አፍረው፣ ብድግ ስል ብለው ነገሩን አንጠልጥለው ተዉት። አያ ቢተው ከበሩ ሥር ሆኖ ዓይን ይጨልማል አለ። እሳት ዳር ተቀምጬ ሲሉም ብርድ ብርድ ይላል አለ። ጠጉሬን ሳበጥር ሲሉ ግማሹ በሚዶው ይቀራል አለ። ፊታውራሪ ግራ ገብቷቸው፣ ስተኛስ አሉ። እሱም በሕልም ጥብስ ይመጣል፤ ሊጎርሱት ሲሉ ይነቃሉ አለ። አንዱንም አልሳተም።

መሪጌታ ግን ጢማቸውን እየዳበሱ፣ ይህ ሁሉ ስቡ ሲወጣ የሚያሳየው ደግ ምልክት ነው፣ እስከ መስቀል መቀጠል ነው አሉ። ይህን ሲሰሙ የአሽከሮቹ ፊት ጠቆረ። አያ ቢተውም ሚስቱን አሰበ። ሳይጠሩት ከበሩ ተነሥቶ መጥቶ መካከል ላይ ቆመ።

መሪጌታ ጊዜው ደረሰልኝ ብለው፣ መድኃኒት ዐዋቂ ሳይሆን በመድኃኒት ነገር የሚገባ ሰው ከዚህ ደጅ ይባረር አሉ። ፊታውራሪም ወደ አያ ቢተው ዞሩ።

«አንተ፣ ከእኔ በፊት ሕመሜን የነገርከኝ በምን ዐውቀህ ነው? እንግዲህ የበሽታውን ስምና መድኃኒቱን ንገረኝ፤ አለዚያ ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጥ።»

አያ ቢተው እጅ ነሥቶ፣ ዓይኑን አንገታቸው ላይ ከተንጠለጠለው ቁልፍ ሳይነቅል፦

«ስሙማ በእኛ መንደር ሐምሌ ይባላል ጌታዬ፤ በየዓመቱ ይይዘናል። መድኃኒቱ ያለው እርስዎ ጎተራ ውስጥ ነው።»