ያልተጫረው ሰማይ

አንድ ንጉሥ «ይህ ባዶ መሬት ነው» ብሎ የአንድ ሸለቆ ነዋሪዎችን በሙሉ አስነሣና ቤተ መንግሥቱን ሠራበት። ያን ሁሉ ሕዝብ ባዶ ብሎ! ይህም አልበቃ ብሎት፣ የሸለቆው ምስል በአዳራሹ እንዲሰቀልለት አማረውና ውብነህ የሚባል ሠዓሊ አስጠራ። ውብነህ መዳብ ላይ በመርፌ ይጭራል፣ ጭረቱን በአሲድ ያስበላል፣ ከዚያ ጭረቱ ውስጥ ቀለም ሞልቶ ወረቀት ላይ ያትማል። ሸለቆውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

አንድ ዓመት ሙሉ ለፋበት። ለሙከራ አንዲት ወረቀት ብቻ አትሞ ይዞ ቀረበ። ከታች በጥልቅ ጭረት የተሠራ ጎንበስ ያለ ዛፍ፣ በቀጫጭን ጭረት ወደ አንድ ጎን የተኛ ሣር አለ። ሰማዩ ላይ ግን አንዲት ጭረት የለችም።

የንጉሡ አጋፋሪ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወረቀቱን በስንዝር ለካ! ምስል በስንዝር ሲለካ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

«ንጉሥ ሆይ፣ ግማሹ ባዶ ነው። ይህ ሰው ንቆዎታል» አለ።

አዳራሹን የምትጠርግ ይመናሹ የምትባል ሴት ከበስተኋላ ምስሉን አየች። ከሸለቆው ከተፈናቀሉት አንዷ ናት። መጥረጊያዋን ጣለችና ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳበች።

«ኧረ ሊዘንብ ነው! ሣሩ እንዲህ የሚተኛው ዝናቡ ከወንዙ ማዶ ሲነሣ ነው» አለች።

አጋፋሪው ሳቀባት። ንጉሡም ተከትሎ ሳቀ። ይህን ባወራሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከዚያ ሁሉ መኳንንት መሃል ምስሉን ያየችው እሷ ብቻ ነበረች፣ የተሳቀውም በእሷ ነው።

«ሰማዩ ይሞላ! ቤተ መንግሥቴ ይግባበት፣ ሰንደቄ ይግባበት፣ እኔም ፈረስ ላይ ሆኜ ልታይ» ሲል ንጉሡ አዘዘ።

«መዳብ ላይ የገባ ጭረት እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም» አለ ውብነህ። «ጭረት ከጭረት ከተጠጋጋ ደግሞ አሲዱ ያያይዘውና ጥቁር ብቻ ይወጣል።»

ማን ይስማው? መዳቡን ነጥቀው ለሌላ ሰው ሰጡት። ውብነህ የሙከራዋን ወረቀት ጠቅልሎ ለይመናሹ ሰጣትና አገሩን ጥሎ ሄደ።

መዳቡ ተሞልቶ ሲታተም ከዳር እስከ ዳር ጥቀርሻ ሆኖ ወጣ። ዛፍ የለ፣ ፈረስ የለ፣ ንጉሥ የለ። አጋፋሪው ስንዝሩን ሰብስቦ ከአዳራሹ ወጣ። ንጉሡ በንዴት ጦፎ የቀረችውን አንዲት ወረቀት ፍለጋ ይመናሹ ጎጆ ድረስ ሄደ። ግድግዳው ላይ ተለጥፋ አገኛት። ብዙ ቆሞ አያት። ነፋሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማው፣ ዝናቡ እየመጣ እንደሆነም ታወቀው።

«ያምራል» አለ በመጨረሻ። «ግን እኔ የት አለሁ?»

ይመናሹ ቀና ብላ አየችው።

«እርስዎ ገና አልመጡም፣ ንጉሥ ሆይ። ያማረውም ለዚህ ነው።»

ሠዓሊ ሳይነካ የተወው ቦታ የረሳው ቦታ አይደለም፤ ዝናቡ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ማየት ያልቻለ ሰው ግን ያላየውን ሁሉ ባዶ ይላል፣ ባዶ ያለውንም በራሱ ካልሞላ እንቅልፍ አይወስደውም። ንጉሡ በምስሉ ያደረገው ቀድሞ በሸለቆው ያደረገውን ነው። እናንተስ፣ ዛሬ ባዶ ነው ብላችሁ ልትሞሉት እጃችሁን የዘረጋችሁበት የማን ሰማይ ነው?