አንበሳ የሚፈራው ጉድጓድ

አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር፣ ውኃ ያቆረ የድንጋይ ጉድጓድ ነበር። የሾላው ፍሬ እየረገፈ እዚያ ይገባል፤ ፀሐይ ሲመታው ይፈላል፤ የጠጣው ሁሉ ይሰክራል። በአካባቢው የሚኖር አንድ አህያ መጀመሪያ ድካሙን እንዲያስረሳው ቀመሰ፤ ቀጥሎ በየቀኑ ጠጣ፤ በኋላ ሳይጠጣ መዋል አቃተው።

አንድ ቀን ሚስቱ ሣር ፍለጋ ስትሄድ ውርንጭላቸውን እንዲጠብቅ አደራ ሰጠችው። እርሱ ግን ጠጥቶ ተዘረረ። ይህን ያየ አያ ጅቦ መጣ። እናቲቱ ደርሳ በርግጫ ባታባርረው ኖሮ ውርንጭላው አልቆለት ነበር። አህያው ሲነቃ ሚስቱ ጭኗን ተነክሳ ደሟ ሲፈስ አየ።

«ሁለተኛ አልቀምሰውም!» ብሎ ማለ። በሦስተኛው ቀን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተገኘ።

«መተው ምን ያቅታል?» አለችው ሚስቱ እያለቀሰች። «እኔም አንድ ቀን ቀምሼዋለሁ፤ አልደገምኩትም። ብትወደን ኖሮ ትተወው ነበር።»

«እወዳችኋለሁ። ግን እግሬ በግድ ይወስደኛል።»

«እግርህ የማን ነው ታዲያ?»

አህያው ጆሮውን ጥሎ ሲሄድ ኤሊ አገኘችው። «ከኮረብታው ጀርባ ምንጭ አለ» አለችው። «ማለዳ ማለዳ እዚያ የሚሰበሰቡ አሉ። ያንተው ሕመም ያለባቸው ናቸው፤ ሂድ።»

በማግስቱ ለሚስቱ ቢነግራት፣ «ገመናችንን ለባዕድ ልታወጣ ነው?» ብላ ፊቷን አዞረች። እርሱ ግን ሄደ። ምንጩ ዘንድ ሲደርስ ዝሆን፣ ዝንጀሮና ከርከሮ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው አንበሳ ነበር! አህያው ሊሸሽ ሲል አንበሳው ቀስ ብሎ ተናገረ።

«አትፍራ፤ እዚህ የመጣ ሁሉ ወንድሜ ነው። ጫካው እኔን ይፈራል፤ እኔ ደግሞ ያንን ጉድጓድ እፈራለሁ።»

አህያው ጆሮውን ማመን አቃተው። ያ ድምፅ ሲሰማ ምድር የምትንቀጠቀጥ ይመስለው ነበር፤ አሁን ድምፁ ራሱ ይንቀጠቀጣል።

«ጌታዬ፣ እርስዎም?»

«እኔም። ካቆምኩ ሰባት ክረምት ሆነኝ። ብቻዬን ግን አንድ ቀን እንኳ አልቻልኩም። ጉድጓዱ ትዝ ብሎኝ ምራቄ ሲሞላ ዝሆንን እጠራለሁ፤ ይደርስልኛል። አንተም ሲብስብህ ጮኸህ ጥራን።»

አህያው ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ተመላለሰ። ይህ ሰክሮ ሲዘረር ሊበሉት ለሚመኙት ለጅብና ለጓደኛው ለቀበሮ አልተዋጠላቸውም። እመት ቀበሮ ጅብን ቁጥቋጦ ውስጥ ደበቀችውና አህያውን መንገድ ላይ ጠበቀችው።

«ምነው ጠፋህ? ዛሬ እንኳ አንዲት ጉንጭ ብቻ!»

«ስንተኛው ጉንጭ ላይ ነው የምበላው?» ሲል ጅብ ከቁጥቋጦው ጮኸ።

አህያው ሰማው። ሞት እንደተደገሰለት እያወቀ እንኳ የጉድጓዱ ሽታ አፍንጫውን ጎተተው፤ እግሩ ወደዚያው አንድ እርምጃ ሄደ። ያን ጊዜ አንገቱን ቀና አድርጎ ባለ በሌለ ኃይሉ አናፋ።

ኮረብታው አስተጋባ። ዝሆን ቅርንጫፍ እየገነጠለ ደረሰ፤ አንበሳም ተከተለ። ጅብ ጭራውን ወሽቆ ፈረጠጠ፤ ቀበሮማ ቀድማው ሄዳለች።

ሚስቱ የባሏን ድምፅ ሰምታ እየሮጠች መጣች። አንበሳውን ስታይ ደርቃ ቀረች። አንበሳው ግን ያን ግዙፍ ራሱን በባሏ አንገት ላይ አሳርፎ፣ «ወንድሜ፣ ዛሬንም አለፍናት» ይል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዋ አይታ አታውቅም።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ «መተው ለምን እንደሚያቅትህ አሁንም አልገባኝም» አለችው። «አንበሳን ያቃተውን ነገር ግን ቀላል ነው አልልህም። ነገ ስትሄድ እስከ ምንጩ እሸኝሃለሁ።»

ከዚህ የምንማረው የቤታችን ሰው ሕመማችንን ባይረዳው እንኳ፣ ያንኑ ሕመም ወደሚያውቁት ሄዶ «እርዱኝ» ማለት ኃያሉን አንበሳ ያላሳፈረ፣ ማንንም የማያሳፍር መሆኑን ነው።