ትንፋሹን የጠላ ጠላቂ

አንድ ሰው ነበረ፤ ትንፋሹን ይጠላ ነበር።

ይህን ታሪክ የነገርኳት ለአጋታ ነው። አጋታ በአንድ የገጠር ቁምስና፣ ማለትም በአንድ ደብር፣ ትምህርተ ክርስቶስ ታስተምራለች። መነኩሲት አይደለችም፤ ደመወዝም የላትም። እንደ እኔ ምእመን ናት፤ ቤተ ክርስቲያን የላከቻት። እኛ ልዑካን በየዓመቱ አንድ ቅዳሜና እሑድ በባሕር ዳርቻ ባለው የደናግል መነኮሳት ቤት ሱባኤ እንገባለን። እሑድ በቅዳሴው ላይ እያንዳንዳችን እጃችንን ወንጌሉ ላይ አኑረን ለሚመጣው ዓመት ቃላችንን እናድሳለን።

ሱባኤው በዝምታ ነው፤ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ብቻ ጥቂት መነጋገር ይፈቀዳል። አጋታ መጥታ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ነገ ቃሌን አላድስም» አለችኝ።

«አመመሽ?»

«ደህና ነኝ። ስንት ዓመት እዚህ መጣሁ! በመጣሁ ቁጥር ዘንድሮስ እጠግባለሁ እላለሁ። ሌሎቹ ቅዱስ ቁርባኑ ፊት ሲንበረከኩ ፊታቸው ይበራል። እኔ እንደራበኝ ገብቼ እንደራበኝ እወጣለሁ። እግዚአብሔር ይናፍቀኛል፤ ይናፍቀኛል፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ያልጠገበ ሰው ሌላውን ያጎርሳል? ይሄ ናፍቆት የእምነት ማነስ ካልሆነ ምንድን ነው?»

እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ሱባኤውን የሚመሩት አባ ጧት ያስተማሩትን ልድገምላት አልፈለግሁም። የማውቀውን ነገርኳት።

ሰውየው ጠላቂ ነበር። ከቀይ ባሕር ሥር ዛጎል ይለቅማል፤ የሸሚዝ ቁልፍ የሚሠራበትን፣ ውስጡ የሚያበራውን ዛጎል። ጠላቂ ብቻውን አይሠራም። ድንጋይ ታቅፎ ይወርዳል፤ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሯል፤ የገመዱን ጫፍ ጀልባው ላይ ሌላ ሰው ይይዘዋል። ጠላቂው አየር ሲያምረው ገመዱን ጎተት ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ገመድ ያዡ ስቦ ያወጣዋል። ጠላቂው ሳይጠራ መሳብ ነውር ነው። ዛጎሉን የሚያጠራቅምበት ቅርጫት ይገለበጣል፤ የቀኑ ልፋት ወደ ባሕሩ ይመለሳል።

ገመዱን የምይዘው እኔ ነበርኩ። አባቴ ሞቶ ነበር፤ ሌላ ሥራም አላገኘሁም። ስለ እኔ ይህ ይበቃል።

ገመድ ያዥ ሰዓት የለውም። ስለዚህ አንድ ልማድ ነበረን። ጠላቂው ሲወርድ ገመድ ያዡም ላይ ሆኖ ትንፋሹን ይይዛል። የራሱ ደረት ሲጨንቀው ታች ያለውም እንደጨነቀው ያውቃል፤ እጁን ያዘጋጃል።

ያ ሰው የባሕሩን ሥር ይወድ ነበር። ጀልባው ላይ ፀሐዩ ቆዳ ይገፍፋል፤ የምንጠጣው ውሃ የበርሜል ዝገት ይሸታል፤ ባለጀልባው ከጧት እስከ ማታ ይሳደባል። «ታች ግን ዝም ነው» ይለኝ ነበር። «ታች ማንም በስሜ አይጠራኝም።» ስለዚያ ቦታ ሲያወራ ስለ እናቱ ቤት የሚያወራ ይመስል ነበር። ግን አይቆይበትም። ገና ደርሶ እጁን ሲዘረጋ ደረቱ መንደድ ይጀምራል። ወጥቶ የጀልባውን ጠርዝ ይዞ ደረቱን ይረግማል።

«ይሄ ደረት እንደ አማት ይጨቀጭቀኛል!»

«ሚስት ሳታገባ አማት አገኘህ» ይለዋል ባለጀልባው።

አንድ ቀን ሰውየው ዘዴ ይዞ መጣ። ከማን እንደተማረው አልነገረንም። ከመጥለቁ በፊት ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ እንደ ውሻ ያለከልካል።

«ምን ሆነሃል?» አለው ባለጀልባው። «ጅብ አባረረህ?»

«አማቴን እያባረርኩ ነው።»

ሁላችንም ሳቅን። ሰውየው ወረደ፤ ቆየ፤ ቅርጫቱን ሞልቶ ወጣ። እንደ ድሮው አላቃሰተም። «ደረቴ ዝም አለ» አለን። «አየር አላማረኝም።» ከዚያ ወዲያ ኩራቱ ይህች ቃል ሆነች። በወጣ ቁጥር «አላማረኝም» ይላል። ዛጎሉ በዛ፤ ባለጀልባውም ስድቡን ቀነሰለት። እኔ ብቻ ነገሩ አልጣመኝም። ቀድሞ እኔ ሲጨንቀኝ እሱም ይጠራኝ ነበር። አሁን እኔ ትንፋሽ አልቆብኝ አፌን ስከፍት ገመዱ ገና አልተነቃነቀም።

አንድ ረፋድ ላይ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ተኝቶ ነበር። ሰውየው ከወትሮው አብልጦ አለከለከ፤ ወረደም። ትንፋሼን ያዝኩ። አለቀብኝ። እንደገና አየር ሳብኩና ያዝኩ። እሱም አለቀብኝ። ገመዱ መዳፌ ውስጥ ምንም አይልም። አልተጨነቀም፤ አልተቆጣም። የተኛ ሕፃን እጅ የያዝኩ መሰለኝ።

«ልስበው ነው» አልኩ።

«ጠራህ?» አለኝ ባለጀልባው።

«አልጠራኝም።»

«ታዲያ እጅህን ሰብስብ! ጥሩ ቦታ አግኝቶ ነው። ዛሬ ብታበላሽበት ነገ እዚህ ጀልባ ላይ እንዳላይህ!»

ቀልዱን አልነበረም። ሕጉም ከእሱ ጋር ነበር። እኔም ከዚያ ጀልባ ሌላ የምበላበት አልነበረኝም።

ገመዱን ሳብኩ።

ሲመጣ ከበደኝ፤ አላገዘኝም። ቅርጫቱ ተገለበጠና ዛጎሉ እያብለጨለጨ ወደ ታች ተመለሰ። ባለጀልባው አይቶ በአባቴ ስም ሰደበኝ። ቀጥሎ የሰውየው ራስ ብቅ አለ። ከንፈሩ ጠቁሯል። ዓይኑ ተከፍቷል፤ አያይም። ፈገግ ብሏል። ባለጀልባው ስድቡን አቋረጠና እጁን ሰዶ ብብቱን ያዘልኝ። ወለሉ ላይ ደፋነው፤ ጀርባውን ደበደብነው፤ ስሙን ጠራነው።

እዚህ ላይ አጋታ ክንዴን ያዘችኝ።

«ሞተ እንዴ፣ ጋሼ?»

«አልሞተም። ጮኸና ተነፈሰ።»

አፉን እንደከፈተ የተናገረው ቁጣ ነበር። «ማን ሳብ አለህ?» አለኝ። «አየር አላማረኝም ነበር! ደስ ብሎኝ ነበር እኮ!»

«አንተ ደንቆሮ» አለው ባለጀልባው። «ሬሳንም እኮ አየር አያምረውም።»

ማንም አልሳቀም። ሰውየው መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ያን ዕለት አልጠለቀም። በማግስቱ ሳያለከልክ ወረደ። ብዙ አልቆየም፤ ገመዱን በኃይል ጎተተው። ቅርጫቱ እንኳ አልጋመሰም ነበር። ደረቱ እየተናጠ የጀልባውን ጠርዝ ያዘና ቀና ብሎ አየኝ።

«አየሩ ጠራኝ» አለ።

ታሪኩ ይኸው ነው። ወደ አጋታ ዞርኩ።

«ሰውየው አንቺ ነሽ» አልኳት። «ደረትሽ የሚነደው በሕይወት ስላለሽ ነው። ሰው የተፈጠረው ለአየር ነው፤ የቱንም ያህል የባሕሩን ሥር ቢወድ እዚያ ሊኖር አይችልም። ያ ቃጠሎ አየሩ ከላይ እንዳለ ይነግረዋል፤ ወደዚያም ይጠራዋል። እኛም ዛጎል እንድንለቅም ተልከናል። ሥራው መልካም ነው። ቤታችን ግን እዚህ አይደለም፤ ደረታችን ይህን ያውቃል። ከፈለግሽ ዝም ልታሰኚው ትችያለሽ። ስብሰባ አብዢ፣ መዝሙር አብዢ፣ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ሩጪ፤ ማለክለክ ማለት ይኸው ነው። ሥራሽም ይበዛል፤ ሰውም ያመሰግንሻል። እኔ ግን ምንም የማይናፍቀውን ሰው ፊት አይቻለሁ። እንዳትመኚው።»

ወደ ባሕሩ ዞረች። ማዕበሉ ድንጋዩን እየነካ ይመለሳል።

«እርስዎስ፣ ጋሼ? አሁንም ይናፍቅዎታል?»

«በየቀኑ።»

«ይሄን ያህል ዓመት?»

«ይብስበታል እንጂ አይቀንስም።»

ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር። የዝምታውን ሰዓት የሚያስታውቀው ደወል ከቤቱ ተሰማ፤ እሷም ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። መናገር ሳይከለከል ቸኩዬ የቀረኝን አልኳት።

«ነገ ቃልሽን ማደስና አለማደስ የአንቺ ነው። እየናፈቀሽ ብታድሺው ግን ውሸት አይሆንብሽም። እነዚያም የምታስተምሪያቸው ሰዎች የራባቸው ናቸው፤ አብሯቸው የሚራብ ሰው አይንቁም። አደራ የምልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ቀን ጧት ተነስተሽ ምንም ካልናፈቀሽ፣ ያን ጊዜ ፍሪ። የሱባኤውን ጊዜ አትጠብቂ። የዚያኑ ዕለት ወደ እኔ ነይ።»