ከአጥሩ የማይወጣው ሰው

አንድ አጥሩን የሚወድ ሰው ነበረ። ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወደው አጥሩን ነው፤ ሚስቱን ብትጠይቂያት ግን «ከእኔም ያስቀድመዋል» ትልሻለች።

ቆይ ማራማዊት፣ ደብተርሽን አትክደኚ፤ የጠየቅሽኝን ነው የምመልስልሽ። «አክስቴ፣ አሜሪካ መቶ ዓመት ሙሉ የሰው ጠብ አይመለከተኝም ብላ ተቀምጣ፣ ምን ነክቷት ነው ባሕር ተሻግራ የሰው ደሴት የያዘችው?» ብለሽኝ የለ? መጽሐፍሽ ስድስት ምክንያት ደርድሮልሻል። እኔ ያለኝ አንድ ሰው ነው፤ እሱን ስሚኝ።

ሰውየው ሀብታም ገበሬ ነው። አባቱ ሊሞት ሲል በንስሐ አባታቸው ፊት ተናዘዘለት። «ልጄ፣ ከአጥርህ አትውጣ። የጎረቤት ጠብ የጎረቤት ነው። በርህን ዝጋና እርሻህን እረስ» አለው። ልጅየውም ኑዛዜውን ላያፈርስ ማለ። እውነትም አላፈረሰም። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲደባደብ በአጥሩ ቀዳዳ በአንድ ዓይኑ ያያል እንጂ አይወጣም። «ኧረ ገላግለን!» ሲሉት «ኑዛዜ አለብኝ» ይላል። ሠርግ ሲጠሩትም ኑዛዜ አለብኝ ነው መልሱ፤ ሥጋውን በአጥሩ ላይ ካቀበሉት ግን እጁን ይዘረጋል። ስለ እጅ አባቱ የተናገረው ነገር የለማ!

እንዲህ ሲኖር በርበሬው በዛ። የምልሽ በርበሬ ጉድ የሚያሰኝ ነው። ጎተራው ሞላ፣ ጓዳው ሞላ፣ ቀጥሎ መኝታ ቤት ገባ። ሚስቱ እያስነጠሰች ታድራለች፣ እያስነጠሰች ትውላለች። አንድ ቀን ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ስማ አንተ ሰው! ወይ በርበሬውን ሽጥ፣ ወይ እኔን እናቴ ቤት መልሰኝ!»

ገበያው ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። ወንዙ ያለው ከአጥሩ ውጭ ነው። ምን ይሁን? አንድ ቁና በርበሬ አሸክሞ ንስሐ አባቱን አስጠራቸው።

«አባ፣ አንተ ከአጥርህ አትውጣ ነው የተባልኩት። አጥሩ ራሱ ቢወጣስ?»

አባ አሰቡ። ቁናውን አዩት። ሰውየውን አዩት። እንደገና ቁናውን አዩት።

«ስለ አጥሩ አባትህ ያሉት ነገር ትዝ አይለኝም» አሉ።

በቃ! በማግስቱ አሽከሮቹን ሰበሰበና የፊት ለፊቱን አጥር አስነቅሎ ወንዙ ዳር አስተከለው። ለነገሩ በጓሮ በኩል ይህን ሲያደርግ የኖረ ሰው ነው፤ እዚያ የነበሩት ሰዎች የት እንደገቡ የጠየቀው የለም። አሁን አህዮቹን በርበሬ ጭኖ እየተንጎማለለ ወንዙ ድረስ ሄደ። ያየው ሁሉ «ወጣህ እንዴ?» ሲለው «ኧረ ምን በወጣኝ፣ ይኸው ከግቢዬ ውስጥ ነኝ» ይላል፤ ደግሞ እውነቱን ነው።

ከወንዙ ማዶ አንዲት ሸንኮራ የምታመርት ሴት ነበረች። አምስት ልጆች ብቻዋን ያሳደገች፣ ክንዷ የፈረጠመ ሴት። የሷ ጣጣ ደግሞ አንድ ያረጀ ባላባት ነው። በየዓመቱ ይመጣና የሸንኮራዋን እኩሌታ ይወስድባታል። ጥርስ የለው፣ ሸንኮራ ምን ያደርግለታል? ግን ይወስዳል። በዚያ ዓመት መረራትና «ከእንግዲህ አንዲት አገዳ አታገኝም» ብላ አንገትጌውን ጨመደደችው። ሽማግሌው ሊወድቅ ትንሽ ነው የቀረው።

የኛ ሰውዬ በቀዳዳው አየ። ሸንኮራውን አየ፣ ወደ ገበያው የሚያሻግረውን መሻገሪያ አየ፣ አህዮቹ ውኃ የሚጠጡበትን ጥሩ ቦታ አየ። «ምስኪን ሴት!» አለ። ግን ኑዛዜ አለበት። ስለዚህ አጥሩን አስነቀለና ወንዙን አሻግሮ በሴትየዋ ቤት ዙሪያ አስተከለው። ይኼኔ ጠቡ የራሱ ግቢ ጠብ ሆነ! ዱላውን አነሣና ሽማግሌውን አንዴ ቢለው፣ ሽማግሌው ባርኔጣውን ሳያነሣ እግሬ አውጪኝ አለ።

ሴትየዋ እልል አለች። ጥሩ ጥሩውን ሸንኮራ መርጣ ሰጠችው።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። እንግዲህ አጥርዎን ይውሰዱ» አለችው።

«ወዴት?»

«ወደ ቤትዎ ነዋ።»

«እኔማ ግቢዬ ነው ያለሁት። ግቢዬ የተገኘሽው አንቺ ነሽ» አላት ሸንኮራውን እየላጠ። «ግን ግድ የለም፣ ክፉ ሰው አይደለሁም። ተቀመጪ። ቤት ማስተዳደር እስክትለምጂ ድረስ ቁልፉን እኔ እይዝልሻለሁ።»

አምስት ልጅ ላሳደገች ሴት ነው የሚላት!

ከዚያ ወዲያ ሸንኮራዋን ገበያ ልታወጣ ስትል እሱን በር ታስከፍታለች። ዘመድ ሲመጣባት እሱን ታስፈቅዳለች። አንድ ቀን የመጀመሪያ ልጇ ተናዶ ከአጥሩ አንድ ካስማ ቢነቅል የሰውየው አሽከሮች ክንዱን ሰበሩት። ይኼን ስነግርሽ አልስቅም ማራዬ። ልጁ ከዚያ ወዲያ በዚያ እጁ አገዳ ቆርጦ አያውቅም።

ሴትየዋ አለቀሰች፤ ለቅሶዋን ስትጨርስ አሰበች። እሑድ ቀን ሰውየውና ሚስቱ ቤታቸው ምሳ ሲቀርቡ በሩ ተበረገደ። ሴትየዋ ፍራሿን ተሸክማ ገባች። አምስቱ ልጆች ተከተሏት፣ ትንሿ ዶሮ ታቅፋለች፣ አሮጊት አማቷ ተከተለች፣ መጨረሻ ላይ ፍየሏ ገብታ በቀጥታ አልጋው ላይ ወጣች።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ ሰውየው፤ ጉርሻው አፉ ውስጥ ነው።

«ገባን» አለች ሴትየዋ። ፍራሿን ከአልጋው አጠገብ ዘረጋችና እጇን ታጥባ ማዕዱ ላይ ተቀመጠች። «አንድ አጥር አንድ ቤተሰብ አይደል? ልጆች፣ ቅረቡ፣ አትፈሩ፤ አባታችሁ ማለት ናቸው። ይበሉ ጌታዬ፣ ይባርኩልን። በርበሬውን ስንካፈል የኔ ድርሻ ስንት ነው? ደግሞ ስለ ግቢው ሲመከር እኔም ቃል አለኝ፤ አማቴም አላት፣ ጆሮዋ ትንሽ ይከብዳል እንጂ።»

«ውጪ ከቤቴ!»

«ወዴት ልውጣ? ደጅ ብወጣ ግቢዎ ነው። ወንዝ ብሻገር ግቢዎ ነው። የእርስዎ ያልሆነውን ያሳዩኝና አሁኑኑ እሄዳለሁ።»

ሰውየው አላበው። ቤተሰቤ ነሽ ካላት ማካፈል ሊመጣ ነው። ቤተሰቤ አይደለሽም ካላት አጥሩ እዚያ ምን ይሠራል? ብዙ ካሰበ በኋላ ጣቱን ቀሰረና እንዲህ አለ፦

«አንቺ... ከአጥሩ ውስጥ ነሽ፤ ከቤቱ ግን ውጭ ነሽ!»

ሚስቱ ሳቋን ለቀቀችው። በርበሬው ጉሮሮዋ ገባና ሳቁና ማስነጠሱ አንድ ላይ ያዛት። «ስማ» አለችው እንባዋን እየጠረገች፣ «ከሁለቱ አንዱን ምረጥ። ፍየሏ አልጋዬ ላይ እየሸናች ነው።»

ሰኞ ጠዋት አሽከሮቹ አጥሩን ከሴትየዋ ቤት ነቀሉት። ቁልፉም ተመለሰላት። ሰውየው ግን ከነሐፍረቱም ቢሆን አህዮቹ ውኃ የሚጠጡበትን ቦታ ለብቻው አጥሮ ዘበኛ አቆመበት፤ ሴትየዋ አሁንም ውኃ ስትቀዳ ዘበኛውን በዓይኗ እየገረመመች ነው።

እና ማራማዊት፣ ያቺ አሜሪካ ይኸው ሰው ናት። ፋብሪካዋ ያመረተው እንደዚያ በርበሬ ቤቷን ቢያጨናንቃት ገበያ አማራት፣ ለመርከቦቿም ማረፊያ አማራት። ጥርስ የሌላት ባላባት ስፔን ናት። እነ ፊሊፒንስ ከሷ ጋር ተናንቀው ሊጥሏት ሲሉ ይቺ መጣችና ገላገለች፤ ከዚያ «እስክትለምዱ» ብላ ወደ ሃምሳ ዓመት ግድም ቁልፉን ያዘች። እምቢ ያሉትንም ክንዳቸውን ሰበረች። መምህርሽ «አሜሪካ ከቤቷ ወጣች» ብሎ ከጻፈልሽ ግማሹን ነው የነገረሽ። እሷን ብትጠይቂያት አልወጣሁም ነው የምትልሽ። የሄደው አጥሩ ነው፤ እሷማ ሁልጊዜ ግቢዋን እንደጠበቀች ናት።

ቅድም አንቺው ያነበብሽልኝ ደሴት አለች አይደል፣ ፖርቶ ሪኮ ያልሽኝ? አጥሩ እስከ ዛሬ አልተነሣላትም። እዚያው የሚኖረው ሰው የአሜሪካ ዜጋ ነህ ይባላል፤ ፕሬዚዳንቱን ግን አይመርጥም። ያቺ ደሴት ፍራሿን እንደተሸከመች በሩ ላይ ቆማለች ልጄ፤ ግቢ የሚላትም የለም፣ ሂጂ የሚላትም የለም።