ጋን የተከሉ ሰዎች

አንድ ሰው በምረቃ ቀን ጠዋት ሚስቱን፣ «ጀሪካኑን ተይው፤ ባዶ እጅሽን ሂጂ» አላት።

የምን ምረቃ? የውሃ። መንደሩ በሙሉ ጀሪካን ይዞ የወጣው ለምን ነበር? ለውሃ። ታዲያ ይህ ሰው ምን አውቆ ነው «ተይው» ያላት? ቆዩኝ፤ ከሥሩ ልንገራችሁ።

እዚያ አገር ትልቅ ሥራ ተሠርቶ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ለማንም ሳይጠቅም ሲቀር ሰዉ «ጋን ተከሉ» ይላል። መምህር ያልተቀጠረለት ትምህርት ቤት ቢመረቅ፣ «ሌላ ጋን ተከሉ» ብለው ያልፋሉ። ቃሉ የመጣው ከዚህ ሰው መንደር ነው። ጋኑም ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ዛሬም ተገትሯል፤ አራት የሲሚንቶ እግር ያለው፣ ሆዱ የተነፋ የውሃ ታንከር።

ሰውዬው የተማረው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። በጎልማሳነቱ ግን ቧንቧ ሲቀብር ኖሯል፤ ውሃ የት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚለግም ያውቃል። ሥራው ሊጀመር መንደሩ ሲሰበሰብ እጁን አወጣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ይርሳው ምን አሉት?

«አንተ ቁጭ በል፤ የተማሩት ይናገሩ።»

ሰዉ ሳቀ። የሳቁት ሳቃቸውን የሚያስታውሱ ይመስላችኋል? ረስተውታል። እሱ ግን ማን ከየትኛው አግዳሚ ላይ ሆኖ እንደሳቀ ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ሥራው አጥሩ ሥር ቆሞ ማየት ሆነ። ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ አቶ ይርሳው ግቢ ሲገባ አየ፤ ሸራ ለብሷል። «ለምን ሸፈኑት?» አለ። ሁለት የኮሚቴ ሰዎች ሲንሾካሾኩ አየ። «ምን እየተካፈሉ ነው?» አለ። ኢንጂነሩ ከመኪና ወርዶ ፈገግ ብሎ ሰላም ሲለው፣ «ይሄ ሳያውቀኝ የሚስቅልኝ ምን ሠርቶ ነው?» አለ።

ሚስቱ አንጓች ትሰማዋለች። በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ሰዓት መንገድ ሄዳ ሃያ ሊትር አዝላ የምትመለስ ናት፤ ወገቧ ከጎበጠ ቆይቷል።

«ቢበሉስ?» ትለዋለች። «በልተውም ቢሆን ውሃውን ያምጡልኝ እንጂ።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ! ዝም ብለሽ እይ።»

አሁን ልብ በሉ። ኢንጂነሩ የታንከሩን ቦታና ከፍታ የለካው በነሐሴ ነው። በነሐሴ ምንጩ የሚፈልቀው ከላይኛው ዓይን ነው። ኅዳር ሲገባ የላይኛው ይደርቅና ውሃው ከታች፣ ከቋጥኙ ሥር ይወጣል። ሞተር የለም፤ ውሃው በራሱ ወርዶ ነው ታንከሩ የሚገባው። ቧንቧው የተዘረጋው ደግሞ ከኅዳር ወዲህ ነው፤ ቧንቧ የሚቀብረው ሰው ምን አለ? «ያው አንድ ምንጭ አይደል?» ብሎ ቧንቧውን ከታችኛው ዓይን ቀጠለ።

ሰውዬው ጠረጠረ። እሁድ ጠዋት መንደሩ ለቅዳሴ ሲሄድ፣ ግንበኛ ውሃ ልክ የሚይዝበትን ላስቲክ ቱቦ ይዞ ወደ ምንጩ ሄደ። ቱቦውን ውሃ ሞላው። አንዱን ጫፍ ከችካል አሰረ፣ ሌላውን ይዞ ተራመደ፤ እንደገና ችካል፣ እንደገና ቱቦ፣ ታንከሩ እግር ድረስ። ሁለት እሁድ ፈጀበት። የታንከሩ ወለል ከታችኛው ዓይን በሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። ውሃው በምን ተሸክሞት ይውጣ?

ታዲያ ሄዶ ተናገረ? አልተናገረም። ጭራሽ አቶ ይርሳው ራሳቸው መጡ። እሱ ቱቦውን እየጠቀለለ ነበር።

«ወንድሜ፣ አንተ የቧንቧ ሰው ነህ» አሉት አጥሩ ላይ ቆመው። «ልባችን አላረፈም። እስቲ አንድ ጊዜ ወጥተህ እይልን።»

ቃሉ አፉ ላይ ደረሰ። ከዚያ ያ ጥርጣሬ መጣ። ለምን ዛሬ? ለምን ብቻቸውን? ሊያነካኩኝ ነው! ነገ ሲጋለጥ «እሱም አይቶት ነበር» ሊሉ ነው!

«እኔ ምን አውቄ፣ አቶ ይርሳው? የተማሩት አሉልዎት።»

አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። የዚያን ቀን ምሳው ጣፈጠው።

ምረቃው በጥር ሆነ። አንጓች ቃሉን አልሰማችም፤ ጀሪካኗን ይዛ ከወረፋው ሦስተኛ ቆማለች። ሪባን ተቆረጠ። ቧንቧው ተከፈተ። ምን ወጣ? ፍስስስ። ነፋስ።

«ይሄማ ጋን ነው!» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ያውም የነጠፈ ጋን ተከሉልን!»

ሰዉ ሳቀ። ሰውዬውም ከሁሉ በላይ ሳቀ፤ ለዚህች ቀን ነበር የኖረው። አንጓች ግን አልሳቀችም። ዞር ብላ አየችው።

«ጀሪካኑን ተይው ያልከኝ… ታውቅ ነበር?»

«ሲሚንቶ በልተዋል እኮ!»

«የጠየቅሁህ ስለ ሲሚንቶ ነው?»

ሲሚንቶውንም ማንም አልበላውም። ዝናብ እንዳይመታው አቶ ይርሳው የመኝታ ክፍላቸውን ለቀው ነበር ያስቀመጡት።

አንጓች ጀሪካኗን አንስታ ወደ ምንጩ መንገድ ገባች። ተከተላት። «አምጪ፣ ልያዝልሽ» አላት።

«ተወው። እኔ ለምጄዋለሁ።»

ምእመናን፣ ያ ጋን የማን ነው? የአቶ ይርሳው ነው ትሉኝ ይሆናል። አልክድም። ሰውን ቁጭ በል ስትሉት የሚያውቀውንም አብራችሁ ታስቀምጡታላችሁ። ወንበር ላይ ያላችሁ ስሙኝ፤ እናንተ ረስታችኋል፣ የሳቃችሁበት ሰው ግን አልረሳም።

ዛሬ ግን ነገሬ ከዚያ ከተሳቀበት ጋር ነው። ወንድሜ፣ ንቀውሃል፤ አውቃለሁ። ቁስሉ እውነተኛ ነው። ግን ቂምህን ማን ተሸከመው? አቶ ይርሳው ቤት ውሃ የምትቀዳ ሠራተኛ አለች። ቂምህን ያዘለችው አንጓች ናት።

እናንተስ? ከወንድማችሁ፣ ከእድራችሁ፣ ከገዛ ልጃችሁ ተቀያይማችሁ፣ «ሲወድቅ ልየው» ብላችሁ ቱቧችሁን ጠቅልላችሁ የተቀመጣችሁ የላችሁም? ሊጠይቃችሁ የመጣውን «ምን ፈልጎ ነው?» ብላችሁ ባዶ እጁን አልሸኛችሁም?

ቤታችሁ ስትገቡ በር ላይ ጀሪካን ታያላችሁ። ማን እንደሚያዝለው አስቡ። ከዚያ ውጡና የምታውቁትን ተናገሩ፤ ሪባኑ ሳይቆረጥ።