«እኔ ገደልኩት» የተባለው ውሻ

ተረት ተረት። «የላም በረት» ማለቱ ዛሬ ይቅርባችሁ፤ ላሟ በረቷ ውስጥ ትተኛ። የዛሬው ተረት የውሻ ነው፤ ውሻ ደግሞ ደጅ ነው የሚያድረው። «የደጅ ዘበኛ» በሉኝ። እንዲያ ነው። አሁን ስሙኝ፤ የምትስቁበት ጊዜ ሲደርስ እኔው እነግራችኋለሁ።

በድሮ ዘመን ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም፣ አንገቷን ለማንም አትደፋም። በዚያው መንደር ቢሻው የሚባል ጭቃ ሹም ነበር። ጭቃ ሹም ማለት የመንደር አለቃ ነው። የዚህኛው ምላሱ ማር ነው፣ ዓይኑ ግን ከሰው መሬት ላይ አይነሳም።

ደብሪቱ አንድ ውሻ ነበራት። ቀይ ነው፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ ነው፣ ቅቤ ሌባ ነው። ስሙን ከመንገሬ በፊት ግን የዚያን አገር ልማድ ላስረዳችሁ።

በዚያ አገር ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት የማይናገረውን ነገር ውሻውን ሲሰይም ይናገረው ነበር። አማቷ የምታማት ሴት ውሻዋን «ሰምቻለሁ» ትለዋለች። ጠዋት ወጥታ «ሰምቻለሁ፣ ና!» ብላ ስትጣራ አማቲቱ እቤቷ ሆና ትደነግጣለች። እንግዳ የበዛበት ሰው ደግሞ ውሻውን «ጠግበህ ሂድ» ብሎታል። ማንም ማንንም አልሰደበም፤ ሁሉም ውሻውን ነው የጠራው።

ደብሪቱም ባሏ የሞተ ጊዜ የባሏ ዘመዶች «አሁንማ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ መሬቱም ለእኛ ይሆናል» እያሉ ይጠብቁ ጀመር። እሷ ምንም አልመለሰችም። አንድ ቡችላ አመጣችና ስሙን «አለሁ» አለችው። ሲነጋ «አለሁ!» ትላለች። ቀትር ላይ «አለሁ!» ትላለች። ሲመሽም «አለሁ! ግባ አለሁ!» ትላለች። የባሏ ዘመዶችም ሰምተው ሰምተው መጠበቁን ተዉት።

አቤት ያ ውሻ። ወንዝ ስትወርድ ከፊቷ ይቀድማል። ከገበያ ስትመለስ ገና ከጋራው ማዶ ሸቷት እየበረረ ይመጣል። ስትተክዝ አገጩን እግሯ ላይ አስደግፎ ዝም ይላል። አንድ ቀን አዲሱን የቆዳ ጠፍሯን እንክት አድርጎ በላባት። በዱላ መታችውና ወዲያው ጸጸታት፤ የራሷን ቂጣ ለሁለት ቆርሳ አካፈለችው። ውሻ ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። የሌላችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

እንግዲህ ውሻ ቅዳሴ አይሄድም። ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ ምን እንደሚደርስባት ታውቃላችሁ፤ አለሁም ያውቃል። ስለዚህ እሑድ እሑድ ሰው ሁሉ ሊያስቀድስ ሲሄድ እሱ ቤት ይጠብቃል።

ቅዳሴ የማይሄድ አንድ ሌላም ነበረ። ጭቃ ሹም ቢሻው «አገር ሲያስቀድስ አገር ጠባቂ ያስፈልጋል» ይልና መንደር ይቀራል። ሰው ሁሉ ሲጸልይ እሱ ምን ይሠራል? የድንበር ድንጋይ ይገፋል። የሸማኔውን ድንበር ገፋ፤ ማንም አላየውም። የቄሱን ድንበር ገፋ፤ ማንም አላየውም። ሦስተኛው የደብሪቱ ድንበር ሆነ።

ድንጋዩን ገና ሲነካው አለሁ ከግቢው ወጥቶ ጮኸበት። ሹሙ ሸሸ። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሶ መጣ፤ አለሁ ጮኸበት፣ ሱሪውንም ቀደደበት። በሦስተኛው እሑድ ሹሙ በእጁ አንድ ቁራጭ ሥጋ ይዞ መጣ። አለሁ መቼም ሆዳም ነው። ሥጋው ላይ መርዝ ነበረበት።

ደብሪቱ ከቅዳሴ ስትመለስ ከጋራው ማዶ እየበረረ የሚመጣ ውሻ አልነበረም። ድንበሩ ላይ ተዘርሮ አገኘችው። ድንጋዩም ተገፍቷል፤ ከምድሯ ለሙ ወደ ሹሙ ማሳ ገብቷል። እሷ ድንጋዩን አላየችውም። «አለሁ፣ ተነስ እንጂ» አለችው። አልተነሳም። አለሁ የለም።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ጎረቤት ለቅሶውን ሰምቶ ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ። መጀመሪያ ሸማኔው ደረሰ። «እመት ደብሪቱ፣ ማን ሞተብሽ?» አላት። «ውሻዬ» አለችው። ሳቁን በጋቢው ሸፍኖ ተመለሰ። ቀጥሎ ጎረቤቷ አስካለ ደረሰች። «እኔኮ ሰው መስሎኝ፤ ውሻ መቼ ጠፋ፣ ሌላ ታመጫለሽ» ብላት ሄደች። በመጨረሻ ቄሱ ደረሱ። «ለውሻ አይለቀስም፣ ልጄ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ለሞተበት ሰው የሚባለው ቃል አንድ ነው፤ ታውቁታላችሁ። «እግዚአብሔር ያጥናሽ» የሚላት አንድ ሰው እንኳ ጠፋ። ከአለሁ ሞት በላይ የከነከናት ይህ ነው። «ይህን ቃል ሳልሰማ ከኀዘኔ አልነሳም፤ ከገደለው ሰው አፍ ነው የምሰማው» ብላ ማለች።

ኋላ ድንጋዩን አየችው፤ ወደ ማን ማሳ እንደተገፋም አይታ ሹሙ ዘንድ ሄደች።

«ጭቃ ሹም፣ ውሻዬን የገደሉት እርስዎ ነዎት» አለችው።

«ምስክር አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ዝም በይ። ደግሞም ሁለተኛ ውሻ እንዳታሳድጊ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል።»

ደብሪቱም ዝም ብላ ወደ ቤቷ ሄደች፣ ዝም ብላ ጋራውን ተሻገረች፣ ዝም ብላ አንድ ጥቁር ቡችላ በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች። በማግስቱ ሹሙ በደጇ ሲያልፍ ወጣችና ተጣራች።

«እኔ ገደልኩት! ና፣ እኔ ገደልኩት!»

አሁን መሳቅ ትችላላችሁ።

ሹሙ ገበያ ሲወርድ «እኔ ገደልኩት!» ትላለች። ሹሙ ምንጭ ሲሻገር «እኔ ገደልኩት!» ትላለች። ሹሙ ሰው ሰብስቦ ስለ ሕግ ሲያስረዳ፣ ከአጥር ማዶ «እኔ ገደልኩት! አንተ ሌባ፣ ከዚያ ውጣ!» ትላለች። ቡችላው እውነትም ሌማት ውስጥ ገብቶ ነበር። ሰው ሁሉ አፉን በነጠላ ይሸፍናል።

ሹሙ ይህኛውንም በሥጋ ሊሸኘው አስቦ ነበር። ግን ፈራ። ይህ ቡችላ ቢሞት መንደሩ ምን ብሎ ሊጠይቅ ነው? «እኔ ገደልኩትን ማን ገደለው?» ሊል ነው። ስለዚህ የአውራጃው ዳኛ ወደ መንደሩ በመጣ ጊዜ ሹሙ ቀድሞ ከሰሳት። «ስሜን አጥፍታለችና ውሻው ይገደልልኝ» አለ።

ዳኛው ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ታጋሽ ነው፣ የሰማውን ደግሞ የማይረሳ ነው። ከመንደሩ ዋንዛ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ሰው ግራና ቀኝ ቆመ። ደብሪቱ ቡችላዋን አቅፋ መጣች። ፈርታለች፤ ፈርታም መጣች። ቢፈረድባት ሁለተኛ ውሻዋን ልትቀብር ነው።

«ክስህ ምንድን ነው?» አለው ዳኛው ሹሙን።

«ጌታዬ፣ ይህች ሴት በየመንገዱ ትዘልፈኛለች።»

«ምን ብላ?»

«እኔ ገደልኩት ብላ።»

«እሷ ናት የገደለችው?»

«እሷ አይደለችም ጌታዬ፤ ውሻው።»

«ውሻው ገደለ? ማንን?»

«ማንንም አልገደለም። ውሻው እኔ ገደልኩት ነው።»

ዳኛው ግንባሩን አሻሸ። «የዚህ ችሎት ልማድ ነው፤ ከሳሽ ቃሉን በንጉሥ ስም ምሎ ሦስት ጊዜ ይናገር። ያኔ ይገባኛል» አለው።

ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ንጉሥ ይሙት፣ እኔ ገደልኩት!» አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። «ንጉሥ ይሙት፣ እኔ ገደልኩት!» አለ። አሁን የሚስቀው ሰው በዛ። በሦስተኛው የሹሙ ድምፅ እንደ ፍየል ቀጠነ፤ «ንጉሥ ይሙት፣ እኔ ገደልኩት።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት ዳኛው።

«ጌታዬ፣ ውሻዬን በዚህ ስም መጥራቴ እውነት ነው» አለች ደብሪቱ። «ሸማኔው በደጄ ሲያልፍ ስሙን ይሰማል፤ አልተቆጣም። ቄሱ ይሰማሉ፤ አልተቆጡም። ነጋዴው አህያውን እየነዳ ሲያልፍ ይሰማል፤ እሱም ስቆ ያልፋል። ላልገደለ ሰው ይህ ስም ምኑ ነው? እስቲ ይጠይቁልኝ፤ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል እሳቸውን ብቻ ለምን አመማቸው?»

ዳኛው ወደ ሹሙ ዞረ። «እውነቷን ነው። አንተን ለምን አመመህ?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ሹሙ በሳቁ ደሙ ፈልቶ ነበርና አሰብ ሳያደርግ አፉን ከፈተ።

«አንድ ውሻ ነው እኮ! አንድ ቁራጭ ሥጋ ብጥልለት ይህ ሁሉ ጉድ ለምንድን ነው? እሱስ ቢሆን በየእሑዱ ድንበሩ ላይ ቆሞ ይጮኽብኝ የለም ወይ?»

«እሑድ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሲሄድ» አለ ዳኛው ቀስ ብሎ፣ «አንተ ድንበሩ ላይ ምን ትሠራ ነበር?»

ሸማኔው ወደ ማሳው ዞሮ ተመለከተ። ቄሱም ወደ ማሳቸው ዞረው ተመለከቱ። ከዚያ ሁለቱም ሹሙን ተመለከቱት። ልጆቼ፣ ሌላ ምስክር አላስፈለገም።

ዳኛው ሹመቱን ሻረው። የተገፉት ድንጋዮች ሁሉ እንዲመለሱ፣ እሱው በገዛ ትከሻው ተሸክሞ እንዲመልሳቸው ፈረደ። ከዚያ ደብሪቱን «ለሞተው ውሻሽ ካሳ ምን ይሰጥሽ? በግ ትፈልጊያለሽ? ጊደር ትፈልጊያለሽ?» አላት።

«በግም ጊደርም አልፈልግም» አለች። «ለቅሶዬን ይድረሰኝ።»

«ለውሻ?» አለ ቢሻው። «እኔ? እንዲህ ተዋርጄ?»

«ለውሻ» አለችው። «ለእርስዎ ውሻ ነው። ለእኔ ደግሞ ቤቴ ስገባ መምጣቴ ደስ የሚለው እሱ ብቻ ነበር። የሚያለቅሰው የሞተበት ነው፤ ምን እንደሞተበት ጎረቤት አይመርጥለትም።»

ዳኛው ራሱን ነቀነቀና «ይድረስሽ» ብሎ ፈረደላት።

በማግስቱ ቢሻው ጋቢውን አዘቅዝቆ ወደ ደጇ መጣ። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አንድ ነገር አጉረመረመ። «አልሰማሁም» አለችው። ደግሞ አጉረመረመ። «አሁንም አልሰማሁም» አለችው። በሦስተኛው ቀና ብሎ ፊቷን አየ። ምን እንዳየ እሱ ያውቃል፤ ብቻ ድምፁ ተለወጠ።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ» አላት።

ከኋላው ሸማኔው ነበረ፤ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አላት። አስካለ ነበረች፤ አቅፋት አለቀሰች። ቄሱ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው ነበር፤ በመጨረሻ እሳቸውም ቀረቡ። ደብሪቱ ያን ቀን ጥርሷን ሳትነክስ አለቀሰች። ሲበቃትም ተነሳች፣ ነጠላዋን አቃናች፣ ለቡችላዋ ውኃ ቀዳችለት።

እዚህ ላይ ተረቱ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ውሻ ነውና አያልቅም። እኔ ገደልኩት አደገ፣ ወፈረ፣ አረጀ፣ ጥርሱ ረገፈ። አንድ ቀን ፀሐይ እየሞቀ ሳለ አገጩን እግሯ ላይ እንዳስደገፈ ሞተ። እሱን ማንም አልገደለውም። ይህን ጊዜ ለቅሶውን ለመድረስ መንደሩ ሳይጠራ መጣ።

አስካለ ከሁሉ ኋላ ቀርታ መከረቻት። «እመት ደብሪቱ፣ እንግዲህ ይብቃሽ። የውሻ ዕድሜ አጭር ነው። ባመጣሽ ቁጥር ልትቀብሪ ነው፤ በቀበርሽ ቁጥር ልትሰበሪ ነው። ምን አለፋሽ?»

«የሚሰበረው ልብ የማነው?» አለቻት ደብሪቱ።

«ያንቺው ነው።»

«እንግዲያው ይሰበር። እንዳይሰበር ብዬ ታቅፌው ብቀመጥ ምን ያደርግልኛል?»

ደብሪቱ ሸምግላለች፣ ጉልበቷ ከድቷታል፣ ጋራው ግን ያው ጋራ ነው። ምርኩዟን ይዛ ተሻገረችው። አንድ ቡራቡሬ ቡችላ በነጠላዋ ጠቅልላ ስትመለስ አስካለን መንገድ ላይ አገኘቻት።

«ስሙን ማን አልሽው?»

«ድገመኝ።»

አስካለ ግራ ገባት። «ቢሻው ተሽሯል፣ የባልሽ ዘመዶች ዝም ብለዋል። አሁን ደግሞ ማንን ልትናገሪ ነው?»

«ሞትን ነዋ» አለቻት። ቡችላውን መሬት ላይ አወረደችውና ቀድማው መራመድ ጀመረች። «ና፣ ድገመኝ!»

ልጆቼ፣ ምክሩ ይህ ነው። ክፉ ሰው ሥራው ሲጠራ ስሙን ሳይጠሩት አቤት ይላል፤ ይህ አንድ። ዋናው ግን ሌላ ነው። የወደዳችሁትን አልቅሱለት፤ የሚስቅባችሁ ይሳቅ፤ አልቅሳችሁ ስታበቁ ደግሞ ሂዱና እንደገና ውደዱ። ተረቴን መልሱ፣ አፌን ግን በዳቦ አታብሱ፤ ዳቦውን ደጃችሁ ላለው ስጡት።