ሕፃኗ የጠገነችው ኮምፒዩተር

ሰው ደህናውን ኮምፒዩተር ለምን የተበላሸ ያስመስላል? አንዲት ወጣት እናት ይህ እስከ ዛሬ አልገባትም። ልጇን ሕፃናት ማቆያ አስገብታ ሥራ እንድትጀምር የልጇ የልደት ሰርተፍኬት ያስፈልጋት ነበር። የቀበሌው ኃላፊ አቶ ደምመላሽ ግን ባለጉዳይ ሲሰለቸው፣ ኮምፒዩተሩን የተበላሸ የሚያስመስል ሰማያዊ ምስል ስክሪኑ ላይ ይከፍታል። ለእሷም ስክሪኑን አዙሮ አሳያትና፣

"ሲስተም የለም፤ ከወር በኋላ ተመለሺ!" አላት።

ያቀፈቻት ሕፃን ተንጠራርታ የኪቦርዱን አንድ ቁልፍ ነካች። ሰማያዊው ጠፋና እሱ ሲያየው የነበረው የኳስ ጨዋታ ብቅ አለ። አቶ ደምመላሽ ደነገጠ፤ ይባስ ብሎ ተቆጣ።

"የመንግሥት ንብረት ማን ንኪ አላት? ትጠየቂያለሽ!"

"ጌታዬ፣ እርስዎ ወር ይፈጃል ያሉትን ብልሽት በአንድ ጣቷ ከጠገነችው ይቅጠሯት እንጂ! ለመቀጠር ግን መጀመሪያ የልደት ሰርተፍኬት ያስፈልጋታል።"

ከኋላዋ የተሰለፈው ባለጉዳይ ሁሉ ሳቀ፤ ሰርተፍኬቱም ወዲያው ወጣ። አሁን ጭንቋ ሌላ ነው፤ ቀበሌ የሚሄድ ጎረቤት ሁሉ "ልጅሽን አውሺኝ" ይላታል። ምን ትመልስላቸው? እስቲ ምከሯት።